የአያትህ አያት ማን ይባላል?

ጊዜው ጥቅምት ነበር። በቴፒና በአካባቢዋ ቀዩ ቡና እየተለቀመ የሚሰጣበት፣ ሰው ሁሉ በሥራ የሚጠመድበት ወር ነው። አንድ ወጣት ተማሪ ግን በዚያ ሰሞን ለቀማውን ለወንድሞቹ ትቶ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር። አያቱ ካረፉ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖአቸዋል። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ስለ ሰማ ይህንኑ ለመፈጸም መምጣቱ ነው።

መዝጋቢው ሠራተኛ በዕድሜ ከእርሱ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው። ቅጹን አውጥቶ «የሟቹ ስም?» ሲል ጠየቀ። ወጣቱ ነገረው። «የአባታቸው ስም?» ይህንንም ነገረው። «የአያታቸውስ?» ወጣቱ ዝም አለ።

«የተወለዱበት ቦታ?»

«ወሎ።»

«ወሎ የት?»

አሁንም ዝም አለ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥመው የመጀመሪያው አልነበረም። በቀብሩ ዕለት ለፍትሐት የቆሙት ቄስ የሟቹን የክርስትና ስም ቢጠይቁ ከቤተ ሰቡ ወጣቶች መካከል የሚያውቅ ጠፍቶ፣ በመጨረሻ መልሱን የሰጡት አንዲት አሮጊት ጐረቤት ነበሩ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያንም፣ ቀበሌም በየበኩላቸው ስለ አንድ ሰው ማንነት ጠየቁ፤ በሰውየው ጉልበት ላይ ያደገው ልጅ ግን ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አጣ።

መዝጋቢው አልሳቀበትም። ኋላ እንዳጫወተኝ፣ ቅጹን ፊቱ እንደ ዘረጋ በልቡ የራሱን አባቶች ቢቆጥር ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። አንባቢ ሆይ፣ አንተስ ብትጠየቅ ከስንተኛው ላይ ትቆማለህ?

ይህ የሁለቱ ወጣቶች ጉድለት ብቻ አይደለም። ቴፒ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ሸካቾው፣ ሸኮውና መዠንግሩ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ሲሆን፣ ከዚህም ሌላ ቡናው፣ ንግዱና የመንግሥት ሥራው ከየማዕዘኑ ብዙ ሰው አምጥቶባታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ አለ። በዚያን ጊዜ የነበረው መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሰው ድርቅ ካጠቃው ሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለማስፈር አቅዶ፣ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል አጓጓዘ። ፈቅዶ የሄደ ነበር፤ ተገዶ የሄደም ነበር። በጉዞው መካከል ከትዳር ጓደኛውና ከልጁ የተለየም ጥቂት አልነበረም። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚማሩትና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የተቀጠሩት ወጣቶች የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። አያታቸው ከወሎ መምጣቱን ያውቃሉ፤ ከወሎ ወዲያ ያለውን ግን አያውቁም።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ባላገር ዘንድ አባት መቁጠር ለጨዋታ ወይም ለኩራት ብቻ የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ርስት ለማግኘት የሚሟገት ሰው፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከዋናው አባት መወለዱን ስም በስም እየጠራ በሽማግሌ ፊት ማስረዳት ነበረበት። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚጠየቅ አዋቂ የተባለ ሰው ሁለቱንም ወገን ይቆጥር ነበር። ለጋብቻም እንደዚሁ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ቆጠራው ጠባቂ ነበር። በቴፒ ዙሪያ ባለው ጫካ የሚኖሩት መዠንግሮችም ቢሆኑ ጎሳ ለይተው የሚተዋወቁ፣ የአንድ ጎሳ ልጆች የማይጋቡ ሕዝብ ናቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ የርስት ሙግት አበቃ። ብዙ ግፍና ብዙ ክርክር አብሮ ቀረ። ነገር ግን ለትውልድ ቆጠራ ትልቅ ምክንያት የነበረው ነገርም በዚያው ቀረ። ሰው አጥብቆ የሚይዘው የሚያስፈልገውን ነው። ዳኛ የማይጠይቀውን፣ መሬት የማያስገኘውን የስም ዝርዝር ለልጁ የሚያስጠናው አባት ቁጥሩ እያነሰ ሄደ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ረኃቡና ሰፈራው ሲመጣ ደግሞ ቆጠራውን የሚያውቀው ሽማግሌ በአንድ በኩል፣ ሊማረው የሚገባው ልጅ በሌላ በኩል ቀሩ።

በዚህ ረገድ የአይርላንድን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። አይርላንድ ከእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ ያለች ደሴት ስትሆን፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1841 በተደረገው ቆጠራ ከ8 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ነበራት። በ1845 የድንች በሽታ ገባ። እስከ 1852 ባለው ጊዜ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና በበሽታ ሲያልቅ፣ ሌላ ሚሊዮን ሰው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ። የእነዚያ ስደተኞች የልጅ ልጆች ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው፤ የአባቶቻቸውን አገር ለማግኘትም መዝገብ ያገላብጣሉ።

ፈላጊው መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የቴፒው ወጣት የገጠመው ነው። «አያቴ ከአይርላንድ መጣ» ማለት ብቻውን ምንም አይፈታም። ማወቅ የሚያስፈልገው የትኛው አጥቢያ፣ የትኛው መንደር የሚለውን ነው። አጥቢያው ከታወቀ ወደ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይኬዳል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1563 በትሬንት ጉባኤ ቆሞሶች ጥምቀትንና ጋብቻን በመዝገብ እንዲጽፉ አዛለች። በአይርላንድ የጥምቀት መዝገብ የሕፃኑ፣ የአባቱና የእናቱ፣ እንዲሁም የክርስትና አባትና እናቱ ስም ይገኛል። የክርስትና አባት ብዙ ጊዜ አጎት ወይም ሌላ ዘመድ በመሆኑ፣ አዋቂ ፈላጊ ይህን ስም አያልፈውም፤ ወደ ሌላ የቤተ ሰብ ቅርንጫፍ ያደርሰዋልና። የመንግሥት መዝገብ ደግሞ ከጥር 1 ቀን 1864 ጀምሮ የሁሉንም ልደት፣ ጋብቻና ሞት ይዞአል።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የጠፋው ነው። በሰኔ 30 ቀን 1922 በአይርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ ደብሊን የነበረው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ተቃጠለ። ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተከማቸ ጽሑፍ በአንድ ቀን አመድ ሆነ። የ1821፣ የ1831፣ የ1841 እና የ1851 ሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቅሪት በቀር ጠፉ፤ ለጥበቃ ተብለው ወደዚያ የተላኩ ብዙ የፕሮቴስታንት አጥቢያ መዝገቦችም አብረው ጠፉ። የካቶሊኮቹ መዝገቦች ግን በየቄሱ ቤትና በየአጥቢያው ተበትነው ስለነበር ተረፉ። እንደዚሁም ከቃጠሎው በፊት ሰዎች ለራሳቸው ጉዳይ ገልብጠው የወሰዱት ተርፎአል። አደጋው 100 ዓመት በሞላው በ2022 ዓለም ላይ ከተበተኑት ቅጂዎች የጠፋውን ቤተ መዛግብት እንደገና የማሰባሰቡ ሥራ ለሕዝብ ተከፈተ። በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር በአንድ ቀን ይጠፋል፤ በብዙ እጅ ያለ ግን አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን መጻፍ አልጐደለም። በወሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ፤ የገዳሙን ንብረትና ስጦታ የሚመዘግቡ ጽሑፎችም ተጨምረውበታል። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ መሬት የሸጠው፣ የገዛውና የመሰከረው ሰው ስም ተጽፎ ይገኛል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ ከ9,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሌላው አሜሪካ ተቀምጦአል።

ዳሩ ግን በብራናው ላይ የሚገኘው ርስት ያለው፣ ጕልት የተሰጠው ወይም ለምስክርነት የቆመ ሰው ነው። የተራው ገበሬ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጁም በ80 ቀንዋ ክርስትና ሲነሡ ስማቸው በመዝገብ ላይ የሚሰፍርበት ልማድ በገጠር አልነበረም። ያ ስም የሚቀመጠው በእናት፣ በክርስትና አባትና በነፍስ አባት ልብ ውስጥ ነበር። ነፍስ አባት የአንድ ቤተ ሰብ ሕያው መዝገብ ነው፤ እሱ ሲሞት መዝገቡ አብሮ ይቀበራል። በእስልምና ወገን ደግሞ ኒካሕና ውርስ በቃዲ ፊት ይፈጸማል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሕግ ያቋቋመው አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ የውርስ መዝገብ ያለበት ቤተ ሰብ የሟቹንና የወራሾቹን ስም ከዚያ ሊያገኝ ይችላል።

የመንግሥቱ መዝገብስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ያው ሕግ በመጨረሻው አካባቢ፣ ይህ ክፍል ልዩ ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ እንዳይሠራበት አገደው። ያ ትእዛዝ ሳይወጣ ዘመን አለፈ። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በአገሪቱ ሁሉ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከሕጉ እስከ ሥራው 56 ዓመት መሆኑ ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍችና ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባሉ። በዚያ 56 ዓመት ውስጥ ተወልዶ የሞተውን ሰው ታሪክ እንግዲህ ከሌላ ቦታ መፈለግ ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ የስማችን ሥርዓት ራሱ ይረዳናል። አይርላንዳዊው አንድ የቤተ ሰብ ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ይዞ ይሄዳል፤ ስሙ የየትኛው ወገን እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ የአያቱን ስም አይነግርህም። የእኛ ስም ግን በየትውልዱ የሚለወጥ መሰላል ነው። የአንተ መታወቂያ የአንተን፣ የአባትህንና የአያትህን ስም ይዞአል። የአባትህ መታወቂያ አንድ እርከን ጨምሮ ቅድመ አያትህን ይነግርሃል። አያትህ ሙሉ ስማቸው የተጻፈበት አንድ ወረቀት ካላቸው ደግሞ በዚያ ላይ የአያትህ አያት አሉ። ሦስት ወረቀት አምስት ትውልድ ያሳያል ማለት ነው። ሴትም ስታገባ የአባትዋን ስም ስለማትለውጥ የእናት ወገን መሰላል እንደዚሁ ይቆማል።

የቴፒው ወጣትም ፍለጋውን የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። መዝጋቢው ቅጹን ወደ ጎን አድርጎ «ገና 18 ቀን አለህ፤ ሄደህ ጠይቅ» አለው። ወጣቱ የአያቱን ሣጥን ከፈተ። የገበሬ ማኅበር መታወቂያ አገኘ፤ ስምና የአባት ስም ብቻ ነበረበት። ከዚያም ወደ እድሩ ዳኛ ሄደ። እድሩ ሲቋቋም ጸሐፊ የነበረው ሰው ጥንቁቅ ኖሮ የአባላቱን ስም እስከ አያት ጽፎ ነበርና፣ ዳሩን ምስጥ በበላው ደብተር ላይ ሦስተኛው ስም ተገኘ። የአያቱ አያት ስም ይህ ነበር።

የቀረው ቦታው ነው። በቀብሩ ዕለት የክርስትናውን ስም ወደ ተናገሩት አሮጊት ሄደ። እሳቸው ከአያቱ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ ናቸው።

«እማማ፣ አያቴ የተወለዱት ወሎ የት ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

አሮጊቷ ዘንጋቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩት። «አየ ልጄ! ከዚህ ከተቀመጥሁ አርባ ዓመት ሆነኝ፤ ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ከዚያም የአጥቢያውን ደብር፣ ከደብሩ በታች ያለውን ወንዝ፣ ገበያው የሚውልበትን ቀን፣ የአያቱን የእናታቸውን ስም ጭምር ነገሩት። ወጣቱ ብዕር አልያዘም ነበርና ሮጦ ሄዶ ደብተር አመጣ። ያን ዕለት አራት ገጽ ሞላ።

በ20ኛው ቀን ተመልሶ ቅጹ ተሞላ። መዝጋቢውም በዚያው ሳምንት ለአባቱ ስልክ ደውሎ የራሱን መጠየቁን ነግሮኛል፤ አባቱ እስከ አምስተኛው ድረስ ቆጥረውለት «ከዚያ በላይ ያለውን የምታውቀው አክስቴ ነበረች» ብለው ዝም አሉ።

ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚፈልግ ተማሪ ጥቂት ምክር እንጨምር።

አንደኛ፣ ከራስህ ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ እንጂ ከታላቅ ሰው ጀምረህ ወደ ራስህ አትውረድ። በርስት ሙግት ዘመንም ቢሆን ለክርክር ሲባል ያልነበረ አባት የሚገባበት ጊዜ ነበር። ከሁለት ሰው ያልሰማኸውን እንደ ተረጋገጠ አትጻፍ።

ሁለተኛ፣ «የት አገር?» ብቻ ብለህ አትለፍ፤ «የትኛው ደብር? የትኛው መስጊድ? የትኛው ገበያ?» ብለህ ጠይቅ። አውራጃና ወረዳ ስሙና ወሰኑ ይለወጣል፤ ደብሩ ግን ብዙ ጊዜ በስሙና በቦታው ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ዓመተ ምሕረት ለማያስታውስ ሽማግሌ ዓመት አታስጨንቃቸው። «ጣሊያን ሲገባ ስንት ዓመት ሆኖዎት ነበር? ረኃቡ ሲመጣ አግብተው ነበርን?» ብትላቸው መልሱን ያገኙታል። የክርስትና ቀን ከታወቀም ልማዱ ተጠብቆ እንደ ሆነ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ወደ ኋላ ብትቆጥር የልደቱ ቀን ይወጣልሃል። ወደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የተለወጠ ቀን ስታገኝም ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት መሆኑን አትርሳ።

አራተኛ፣ የቤት ስሙንና የክርስትና ስሙን ለይተህ ሁለቱንም ጻፍ፤ ቄሱ በአንዱ፣ ቀበሌው በሌላው ያውቁታልና። በ«ሀ» እና በ«ኀ»፣ በ«ሰ» እና በ«ሠ» የተለያየ አጻጻፍ ስታይም ሌላ ሰው ነው ብለህ አትቸኩል።

አምስተኛ፣ የጻፍከውን ገልብጠህ ለወንድምህና ለእኅትህ፣ ለአክስትህም ልጅ ስጥ። የደብሊንን እሳት አስታውስ።

ለወጣት ሠራተኞች ደግሞ የተለየ ቃል አለን። በጠረጴዛህ ላይ ያለው ቅጽ ለዛሬው ባለ ጉዳይ ብቻ የሚሞላ አይደለም። ከ80 ዓመት በኋላ የአያቱን ስም የሚፈልግ አንድ ልጅ ያንኑ ወረቀት ይከፍታል። «ወሎ» ብለህ ከምትዘጋው «የትኛው ደብር?» ብለህ ብትጠይቅ የምታጠፋው አንድ ደቂቃ ነው፤ ለእርሱ የምታተርፍለት ግን የዓመት ፍለጋ ነው።

አንዳንድ ሰው አባት መቁጠር ሰውን ከሰው የሚለያይ ነው ብሎ ይፈራል። ለመለያየት የሚቆጥር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቆጥረው አንዱን መሥመር ብቻ ነው። ሁለቱን ወገን እኩል ለሚቆጥር ሰው ግን ወላጆቹ 2፣ አያቶቹ 4፣ ቅድመ አያቶቹ 8 እያሉ በሰባተኛው ቤት 128 ይደርሳሉ። ከ128 ሰው መካከል ከአንድ መንደር፣ ከአንድ ወገን ብቻ የመጣ ሰው ማግኘት ይቸግራል። የቴፒ ልጆች፣ ወላጆቻቸው ከሸካና ከወሎ፣ ከከፋና ከሸዋ ተጋብተው የወለዱአቸው፣ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

እንግዲህ እሑድ ቡና ተፈልቶ ትልቅ ሰው ከቤት የሚውልበት ቀን ነው። ደብተርህን ይዘህ ከጎናቸው ቁጭ በል። አሮጊቷ ለዚያ ወጣት የተናገሩት ቃል በየቤቱ አለ፤ የሚጠብቀው የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው።